የስፔሻሊስት ሐኪም የሙያ ሥራ ፈቃድ ዕድሳት፦ በጎጃም ለምንሠራ ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ፈቃዳቸው ሊያበቃ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደውለው «ዶክተር፣ ከየት ልጀምር?» የሚሉኝ ባልደረቦች በየዓመቱ አይጠፉም። አንዱ ከሞጣ ይደውላል፣ ሌላው ከቡሬ፣ አንዳንዱም እዚሁ ደብረ ማርቆስ ግድግዳ ከሚያዋስነኝ ክፍል። የሚጠይቁኝ ስለ ቅጽ፣ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ክፍያ ነው፤ እነዚህ ግን በአንድና በሁለት ቀን የሚያልቁ ናቸው። በሁለት ቀን የማይሰበሰበው የሥልጠና ማስረጃው ነው፤ በሁለት ቀን የማይታረመውም በተለያየ ወረቀት ላይ በተለያየ መንገድ የተጻፈው የራሳችን ስም ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ በብዛት የምጽፈው ፈቃዱ ሊያበቃ ሲል ስለሚደረገው ሳይሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ በነበሩት ወራትና ዓመታት ሊደረግ ስለሚገባው ነው።

የትኛው ወረቀት ነው የሚታደሰው?

ጉዳዩን ከሥሩ ለመያዝ በእጃችን ያሉትን ሁለት ወረቀቶች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት) ሥልጠናችንን ጨርሰን፣ የመጨረሻውን ፈተና አልፈን ከዩኒቨርሲቲ የተቀበልነው የስፔሻሊቲ ምስክር ወረቀት ነው። ይህ የትምህርት ማስረጃ በመሆኑ ጊዜ አያልፍበትም፤ አድሱት የሚለንም የለም። ሁለተኛው በዚያ ማስረጃ መሠረት ተመዝግበን የተሰጠን የሙያ ሥራ ፈቃድ ነው። የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት፣ ዕድሳት የሚጠይቀውም ይኸው ነው።

ወጣት ስፔሻሊስቶች «ቦርዴን ላድስ» ሲሉ እሰማለሁ። አነጋገሩ ከአሜሪካ መጻሕፍትና ከውጭ ካሉ ጓደኞቻችን የመጣ ነው፤ በዚያ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስቴቱ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ አንድ ነገር፣ የስፔሻሊቲ ቦርዱ የሚሰጠው ማረጋገጫ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የስፔሻሊቲ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1916 የተቋቋመው የዓይን ሕክምና ቦርድ ሲሆን፣ በ1933 አራት ቦርዶች ተሰባስበው ዛሬ 24 አባል ቦርዶች ያሉትን የጋራ ማኅበር መሠረቱ። ለረጅም ጊዜ አንድ ሐኪም አንዴ ከተረጋገጠለት ማረጋገጫው ዕድሜ ልኩን ይጸናለት ነበር። ይህን ልማድ መጀመሪያ የተወው በ1969 የተቋቋመው የቤተሰብ ሕክምና ቦርድ ነው፤ ማረጋገጫውን ከመነሻው በጊዜ ገደበው። የውስጥ ደዌ ቦርዱ ከ1990 ጀምሮ የሚሰጠውን ማረጋገጫ በ10 ዓመት ሲወስን፣ ከዚያ በፊት የተረጋገጠላቸው ሐኪሞች የዕድሜ ልክ ማረጋገጫቸውን ይዘው ቀርተዋል። በየ10 ዓመቱ ለትልቅ ፈተና መቀመጡ ብዙ ቅሬታ ስላስነሳ ቦርዱ በ2022 ሌላ አማራጭ ጨመረ፦ በየሩብ ዓመቱ 30 ጥያቄዎች ለሐኪሙ ይቀርቡለታል፣ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ መጽሐፍ ገልጦ መመለስም ይፈቀድለታል፤ ዙሩ የሚጠናቀቀው በ5 ዓመት ነው።

ይህን ያነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከውጭ ተመልሰው እዚህ የሚሠሩ ወይም ለመመለስ የሚያስቡ ባልደረቦች ሁለቱን እንዳያምታቱ ነው፤ የአሜሪካው ማረጋገጫ መጠበቁ እዚህ ያለውን ፈቃድ አያድስም፣ እዚህ የታደሰው ፈቃድም እዚያ ያለውን ማረጋገጫ አይጠብቅም። ሁለተኛው፣ የሩብ ዓመቱ ልማድ ለእኛም የሚበጅ ስለመሰለኝ ነው፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

የትኛው መሥሪያ ቤት?

በአገራችን የባለሙያዎችን ምዝገባና ፈቃድ አሁን በምናውቀው መልክ ካስያዙት ሕጎች መካከል በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 እና በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ይገኙበታል። በዚያን ጊዜ ሥልጣኑ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ሲወጣ ባለሥልጣኑ በምግብና በመድኃኒት ቁጥጥር ላይ ተወሰነ፤ የባለሙያዎቹ ጉዳይ በፌዴራል ደረጃ ወደ ጤና ሚኒስቴር፣ በክልል ደግሞ ወደ ጤና ቢሮዎች አመራ። ስለዚህ ከቆዩ ወረቀቶችዎ መካከል ዛሬ በዚያ ስም የማይጠራ መሥሪያ ቤት ማኅተም ቢያገኙ አይደናገጡ፤ አይጣሉትም፤ የምዝገባ ቁጥርዎ ያለበት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት ነገር ፈቃድዎን አውጥተው ማን እንደሰጠው፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነና የሙያ ማዕረግዎ እንዴት እንደተጻፈ ማንበብ ነው። ጓደኛዎ በሚኒስቴሩ በኩል አሳደሰ ማለት የእርስዎም በዚያ በኩል ያልቃል ማለት አይደለም። ፈቃዱን የሰጠዎት አካል ዘንድ ስልክ ደውለው ወይም ወደዚያ የሚሄድ ሰው ልከው፣ በዚያ ሰሞን የሚሠራበትን የማስረጃ ዝርዝር በጽሑፍ ያስመጡ። ከዓመት በፊት ባልደረባዎ የያዘው ዝርዝር ለእርስዎ አይሆንዎትም፤ መስፈርት ይጨመራል፣ ቅጽም ይለወጣል። ባሕር ዳር ድረስ ሄደው በአንድ ጎዶሎ ወረቀት ምክንያት የሚመለሱት አብዛኛውን ጊዜ የሰው ዝርዝር ተማምነው የሄዱ ናቸው።

30 ነጥብ ከጎጃም ሳይርቁ

ለዕድሳት የሚጠየቀው ዋናው ማስረጃ ሁላችንም ሲፒዲ የምንለው የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ነው። ልኬቱ በዓመት ቢያንስ 30 ነጥብ፣ ማለትም 30 ሲኢዩ (የሥልጠናው መለኪያ) ነው። በወር ሲካፈል ሁለት ተኩል ይመጣል፤ በዚህ ዓይን ሲያዩት ከባድ አይደለም። ከባድ የሚሆነው የሁለትና የሦስት ዓመቱ ተጠራቅሞ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ሲፈለግ ነው። ልኬቱ ዓመታዊ በመሆኑ አንዱን ዓመት ባዶ አሳልፎ በሚቀጥለው እጥፍ ለመሰብሰብ ማሰብን አልመክርም፤ ማስረጃውን የሚመለከተው ባለሙያ ዓመት በዓመት ቢቆጥርብዎት የሚመልሱት አይኖርዎትም።

እኛ ዘንድ ችግሩ ፍላጎት ማጣት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም የዓባይን በረሃ ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን ላይ መውጣት አለበት። ባሕር ዳርም በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ከ260 ኪሎ ሜትር አያንስም። አንድ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ብቻ ባለበት ሆስፒታል ያ ሐኪም ለአምስት ቀን ሥልጠና ሲወጣ፣ በዚያ ሳምንት ምጥ የጸናባት እናት የምትላከው ወደ ሌላ ከተማ ነው። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ደግሞ ሥልጠናውን ለሌላ ጊዜ፣ ከዚያም ለሌላ ጊዜ ሲያስተላልፍ ፈቃዱ ያበቃል። ስለዚህ ነጥቡን ከሦስት ቦታ አብቃቅቶ መሰብሰብ ይሻላል።

አንደኛው በአቅራቢያችን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች የሚሰጡት ሥልጠና ነው። የደብረ ማርቆስም ሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጤና ክፍሎች ዓመታዊ መርሐ ግብራቸውን በዓመቱ መጀመሪያ ቢጠየቁ፣ የትኛው ሥልጠና በየትኛው ወር እንዳለ አውቆ ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ጋር ተረኛ ለማመቻቸት ጊዜ ይገኛል። ሁለተኛው የሙያ ማኅበራት ዓመታዊ ጉባኤ ነው፤ የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበርም ሆነ የየስፔሻሊቲው ማኅበራት፣ ማለትም የቀዶ ሕክምናው፣ የሕፃናቱ፣ የማህፀንና ጽንሱ፣ ከጉባኤያቸው ጋር አያይዘው ሥልጠና ማዘጋጀታቸው የተለመደ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ መውጣት ካልቀረ ያንን አንድ ጊዜ እዚህ ላይ ማዋል ይሻላል። ሦስተኛው በኢንተርኔት የሚሰጠው ሥልጠና ነው። ሌሊት ዲዩቲ ላይ ሆኖ እንኳ የሚሠራ በመሆኑ ለእኛ የተመቸ ነው፤ ሆኖም በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ሥልጠናውን ጨርሰው ምስክር ወረቀቱን «በኋላ አወርደዋለሁ» ብለው የተዉ ሐኪሞች ምን እንደገጠማቸው አይተናል። ኮርሱ ባለቀበት ሰዓት ምስክር ወረቀቱን አውርደው ስልክዎ ላይ፣ ፍላሽ ላይና በወረቀት አትመው ያስቀምጡ።

የሥልጠናውን ርዕስ ሲመርጡ ነጥቡን ብቻ አይመልከቱ። በዋርድዎ የሚተኛው ማን እንደሆነ ያስቡ። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ፖዶኮኒዮሲስ፣ በሕዝቡ አነጋገር ዝሆኔ፣ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ፣ በመታጠብና በጫማ የሚገታ በሽታ ነው። ይሁን እንጂ ስለ እርሱ በደንብ የሠለጠነ ስፔሻሊስት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባት ነፍሰ ጡር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከቆላው የምትመጣው ወባ፣ በጣና ዳር የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዝያ፣ እነዚህ ሁሉ የየቀን ሥራችን ናቸው። ከእነዚህ ይልቅ እዚህ በማናገኘው መሣሪያ ላይ የተሰጠ ሥልጠና ነጥቡ እኩል ሆኖ ጥቅሙ የማይመጣጠንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ሩብ ዓመቱ ልማድ ልመለስ። በሆስፒታላችን አራት ሆነን በየሦስት ወሩ እያንዳንዳችን ካየነው ታካሚ ተነሥተን አሥር አሥር ጥያቄ እናወጣለን፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን መጽሐፍ ገልጠን እንመልሳለን። ይህ ነጥብ አያስገኝም፤ የሚያስገኝ አስመስዬ መንገር አልፈልግም። የሚያስገኘው የትኛው ላይ እንደደከምን ማወቅን ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ሥልጠና የምንመርጠውም ከዚያ ተነሥተን ነው። በእናቶች ሞት ቅኝት ላይ የሚቀርበውን ጉዳይም እንዲሁ ብናደርገው መልካም ነው፤ ከፎርሙ ባሻገር «ይህን አላውቀውም ነበር» የሚለውን አንድ መስመር በራስ ማስታወሻ መጻፍ በቂ ነው።

ከአዳራሹ ሳይወጡ የሚነበብ ወረቀት

ሥልጠናው አልቆ ምስክር ወረቀት ሲታደል ሁላችንም የምንቸኩለው ወደ መኪና ነው። ይህን ችኮላ በደንብ የማውቀው ከራሴ ስለሆነ እናገረዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአራት ቀን ሥልጠና ወስጄ ምስክር ወረቀቱን ሳላነብ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ደርሼ ሳየው የአባቴ ስም ተዘሎ የእኔና የአያቴ ስም ብቻ ተጽፏል። አዘጋጁ ጋ ስደውል ሥልጠናውን ያስተባበረው ሰው ሥራ ለቋል፤ የተካውም ስለ ሥልጠናው መዝገብ አያውቅም። አራት ወር ፈጀብኝ፤ ጥፋቱ የእነርሱ ቢሆንም የአራት ወሩን ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከመቀመጫዎ ሳይነሡ የሚከተሉትን ያንብቡ፦ ሙሉ ስምዎ እስከ አያት፣ የሥልጠናው ርዕስ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተሰጠ፣ ስንት ነጥብ እንደሚያስገኝ በቁጥር፣ ሥልጠናውን የሰጠው ተቋምና ዕውቅናውን ያገኘበት ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም። ነጥቡና የዕውቅና ቁጥሩ ከሌለበት ያ ወረቀት የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ነው፤ ግድግዳ ላይ ያምራል እንጂ ለዕድሳት አያገለግልም። እንዲያውም ከመመዝገብዎ በፊት «ዕውቅና አለው ወይ? ስንት ነጥብ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አዘጋጁ ሲያቅማማ ካዩ መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ሳይገኙ ስማቸውን አስፈርመው ወረቀቱን የሚያስመጡ እንዳሉ እንሰማለን። እንዲህ ያለው ወረቀት ነጥቡን ቢሞላም፣ ሠልጥኛለሁ ብለው በፊርማዎ ያረጋገጡትን ነገር ታካሚው ፊት ሲጠየቁ ባዶ ያስቀርዎታል፤ ተሳታፊዎች ከሚፈርሙበት የአቴንዳንስ መዝገብ ጋር ሲመሳከርም ፈቃዱን ራሱን ያሳጣል።

ስምና ቀን

በእኔ ልምድ ፋይልን ከማንኛውም ጉድለት በላይ የሚያዘገየው ስም ነው። አማርኛው አንድ ሆኖ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሦስት ዓይነት ይሆናል። ጸጋዬ የሚለው ስም መነሻው ላይ በ«ቲ ኤስ» ይጻፋል፣ በ«ቲ ዜድ»ም ይጻፋል፣ በ«ኤስ» ብቻም ይጻፋል። ገብረ ሕይወት አንዴ በሁለት ቃል፣ አንዴ በአንድ ቃል ይሆናል። ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሁሉም እንዲሁ። ሰው ሲያነበው አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ሲፈልገው ግን ሁለት ሰው ነው። መድኃኒቱ አንድን አጻጻፍ መርጦ በእርሱ መጽናት ነው። እኔ የምመክረው በፋይዳ መታወቂያዎ ላይ ያለውን ነው፤ የፋይዳው ከዲግሪዎ የሚለይ ከሆነ ደግሞ የትኛው እንደሚታረም ፈቃድ የሚሰጠውን አካል አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ለሥልጠና ሲመዘገቡ ያንኑ አጻጻፍ በወረቀት ጽፈው ይስጡ፣ በቃል አይናገሩ። ከዲግሪዎ ጀምሮ ስምዎ የተዘበራረቀ ከሆነ ደግሞ ዕድሳቱ እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ማረሚያው በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በኩል የሚያልፍ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል።

ሁለተኛው ቀን ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፈቃድዎ ላይ የሚያበቃበት ቀን 30/10/2017 ተብሎ ተጽፏል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ወደ እ.ኤ.አ. ሲመለስ ሐምሌ 7 ሳይሆን ጁላይ 7 ቀን 2025 ይሆናል። ያንኑ ቁጥር እንደ እ.ኤ.አ. ያነበበ ሰው ግን ኦክቶበር 30 ቀን 2017 ብሎ ፈቃዱ ካበቃ ዓመታት አልፈውታል ይላል። በውጭ አገር ለሚቀርብ ማስረጃ ይህ ስሕተት የታወቀ ነው፤ በአገር ውስጥም በኢንተርኔት በሚሞሉ ቅጾች ላይ ይከሰታል። ቅጹ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚፈልግ ሳያረጋግጡ ቀን አይሙሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑንም አይርሱ። በጳጉሜን የተወለዱ ወይም በጳጉሜን ሥልጠና የወሰዱ ሐኪሞች ደግሞ የወር ሳጥኑ ውስጥ 13 መጻፍ ስለማይቻል አስልተው መመለስ አለባቸው፤ ጳጉሜን 3 በተለመደው ዓመት ሴፕቴምበር 8 ነው።

የሥራ ማስታወሻ

ዕድሳት የሚጠይቅም ቢሆን ባይሆን፣ ስፔሻሊስት የሆነ ሰው የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር ሊኖረው ይገባል። ሬዚደንት ሳለን ሎግ ቡክ የምንሞላው ግዴታ ስለሆነ ነበር፤ ከተመረቅን በኋላ እርግፍ አድርገን እንተወዋለን። በኋላ ሰብ ስፔሻሊቲ (ከስፔሻሊቲ ቀጥሎ ያለውን ሥልጠና) ለመማር ስናመለክት፣ የሥራ ልምድ በዝርዝር ስንጠየቅ ወይም የሙያ ቅሬታ ሲቀርብብን ያንን ደብተር በጣም እንፈልገዋለን። ቀን፣ ዕድሜና ጾታ፣ የበሽታው ስም፣ የተሠራው ሥራ፣ ውጤቱ፤ አምስት ዓምድ በቂ ነው። የታካሚ ስም አይጻፍበት፤ የካርድ ቁጥርም ቢሆን ደብተሩ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት የሚያድር ከሆነ መጻፍ የለበትም። በተለይ ቀዶ ሐኪሞችና የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች በወር አንድ ጊዜ ከኦፕሬሽን ክፍሉ መዝገብ ጋር ቢያመሳክሩት ግማሽ ሰዓት አይወስድባቸውም።

ከስድስት ወር በፊት

ፈቃዱ ከሚያበቃበት ቀን ስድስት ወር ወደ ኋላ ቆጥረው ያንን ቀን ስልክዎ ላይ ይያዙ። በዚያ ሳምንት የሚሠራው ነጥብን መደመር ነው፤ ጎድሎ ቢገኝ ለመሙላት ጊዜ አለ። ሦስት ወር ሲቀረው ከሆስፒታልዎ የሰው ኃይል ክፍል የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጠይቁ። ደብዳቤው ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ማዕረግ እንደሠሩ በትክክል መግለጽ አለበት፤ «ሐኪም» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ደብዳቤ በስፔሻሊስትነት ያገለገሉባቸውን ዓመታት ይውጥብዎታል። የጤና ምርመራ ውጤት የሚያስፈልግ ከሆነ በራስዎ ሆስፒታል ባልደረባዎ እንዲፈርምልዎት አያድርጉ፤ ሕጉ ባይከለክልም እንኳ ለሁለታችሁም ደስ አይልም። ፎቶግራፍ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የነባሩ ፈቃድ ዋናና ቅጂ፣ የዲግሪና የስፔሻሊቲ ማስረጃ ቅጂ፣ ሁሉንም በአንድ ፎልደር ያድርጉ። ትምህርትዎን በውጭ አገር የጨረሱ ከሆነ የአቻ ግምት ማስረጃውን አብረው ይያዙ። የአገልግሎት ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ከተፈጸመ የደረሰኙን ምስል ስልክ ላይ መተው አይበቃም፤ አትመው ከፋይሉ ጋር ያያይዙት፤ ስልክ ይጠፋል።

ለበዓል ሰሞን ማመልከትም ጥሩ አይደለም። የሰኔ መጨረሻ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፣ ጳጉሜንና መስከረም ሁሉም ሰው ፈቃድ ላይ ነው፤ ጥር ላይም ጥምቀት አለ። ፈቃድዎ ከእነዚህ ጊዜያት በአንዱ የሚያበቃ ከሆነ አንድ ወር ቀደም ይበሉ።

በግል ክሊኒክም የሚሠሩ ባልደረቦች አንድ ነገር እንዳይቀላቀልባቸው ማሳሰብ ይገባል። የክሊኒኩ ፈቃድ የተቋም ፈቃድ ነው፤ የእርስዎ የሙያ ፈቃድ ሌላ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት «ፈቃዱ ታድሷል» ሲልዎት የእርስዎን ማለቱ አይደለም። ያለ ታደሰ የሙያ ፈቃድ አንድም ቀን ታካሚ አይመልከቱ፤ ችግር ከደረሰ ከክሊኒኩ በላይ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ለትምህርት ወይም ለሥራ ውጭ አገር ቆይተው የተመለሱና ፈቃዳቸው በመካከል ያበቃባቸው ሐኪሞች ደግሞ ነገሩን መደበቅ የለባቸውም። የነበሩበትን አገር፣ የሠሩበትን ተቋምና ጊዜ በደብዳቤ አስደግፈው፣ እዚያ የወሰዱትን ሥልጠና ማስረጃ አያይዘው፣ ክፍተቱ ለምን እንደተፈጠረ በአንድ ገጽ ጽፈው ያቅርቡ። በጽሑፍ የተገለጸ ክፍተት መልስ ያገኛል፤ የተደበቀ ክፍተት ግን ፋይሉን ያስቆማል። ፈቃዱ የጠፋበት ሰውም እንዲሁ መጀመሪያ ለፖሊስ ያመልክት፣ ማስረጃውን ይያዝ፣ ከዚያ ምትክ ይጠይቅ።

አዲሱ ወረቀት ሲሰጥ

አዲሱን ፈቃድ የተቀበሉበት ጠረጴዛ ላይ ቆመው ያንብቡት። ስም፣ ማዕረግ፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን። ከዕድሳቱ በፊት ሰብ ስፔሻሊቲ ጨርሰው ከሆነ ማዕረጉ በዚያ መጻፉን ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ አሮጌው ማዕረግ ተገልብጦ ይቀራል። ስሕተት ካለ ከዚያው ሳይለቁ ያሳርሙ። ከዚያ ስልክዎ ላይ ፎቶ ያንሡት፣ ሁለት ቅጂ ያስነሡና አንዱን ለሰው ኃይል ክፍሉ፣ አንዱን ለሚሠሩበት ክሊኒክ ይስጡ። ዋናውን በላስቲክ አያስለብጡት፤ በኋላ ማኅተም የሚያርፍበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። በዚያው ቀን አዲስ ባዶ ፎልደር ይክፈቱና ጀርባው ላይ የሚቀጥለውን ስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ቀን በጉልህ ይጻፉበት፤ መጀመሪያ የሚገባበት ወረቀት ከዚህ በኋላ የሚሄዱበት ሥልጠና ምስክር ወረቀት ነው።